ያልታጠበ ሞተር አንነካም

ጋራዥ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ሞተር አበላሸሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ በፊት የማውቀው ሥራ መጋዘን ውስጥ ጆንያ መደርደር ብቻ ነው። ጋራዡ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነበር። ባለቤቱም ዋናው መካኒክም ጋሽ ወልዴ ናቸው። አንድ አሮጌ ቱታ ሰጡኝና "ረዳት ነህ። ረዳት ማለት የሚያጥብ፣ የሚያቀብል፣ ዝም የሚል ነው" አሉኝ።

የተሰጠኝ ሥራ የአንድ ታክሲ ሞተር ማጠብ ነበር። ብሩሽ፣ በጣሳ የተቀዳ ናፍጣና የውኃ ጎማ አቀረቡልኝ። ከዚያ አንድ ፌስታልና ቁራጭ ሲባጎ ወርወር አደረጉልኝና "መጀመሪያ እሰር፤ ከዚያ እጠብ" ብለው ወደ ሌላ መኪና ሄዱ። መታሰር የነበረበት ዲስትሪቢዩተሩ ነው፤ ነዳጁን ለሚለኩሱት አራት ካንዴላዎች በተራ እሳት የሚያከፋፍለው ክብ ዕቃ። እኔ ግን ፌስታሉ ለእጄ የተሰጠኝ መስሎኝ እጄ ላይ አጥልቄ በሲባጎው አንጓዬ ላይ አሰርኩት።

ሞተሩን እንደ ሙሽራ አጠብኩት። ባለታክሲው መጥቶ ቁልፉን ሲያዞር ግን አልነሳ አለ። ጋሽ ወልዴ መጥተው መጀመሪያ ሞተሩን፣ ቀጥሎ በፌስታል የታሰረ እጄን አዩ። አልጮኹም። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ፈትተው ውስጡን በሸሚዛቸው ጫፍ አደረቁት፤ መኪናው ተነሳ። "ውኃና እሳት አንድ ቤት አያድሩም" አሉኝ። ባለታክሲው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔ ለሦስት ቀን ያህል ቀና ብዬ ሰው አላየሁም።

ጋሽ ወልዴ ንጹሕ ሞተር የሚወዱት ለወግ አልነበረም። በዘይትና በአቧራ የተለበጠ ሞተር ከየት እንደሚያፈስ አያሳይም። ካንዴላ ሲፈታም በዙሪያው የተጋገረው አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ይገባና ፒስተኑን ይቧጭራል። ስለዚህ አንድ ቀን ቆርቆሮ ቆርጠው፣ በቀይ ቀለም "ያልታጠበ ሞተር አንነካም" ብለው ጽፈው በሩ ላይ ሰቀሉት። ደንበኛው ሁሉ ያጉረመርም ነበር፤ እያጉረመረመም ግን እኛው ግቢ ያሳጥባል።

በጆሮ መሥራትንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር አንዱ እሳት ሲያጣ በሦስት ይሠራል፤ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። የትኛው ሲሊንደር እንደሞተ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላዎቹን ሽቦ አንድ በአንድ መንቀል ነው። ሕያው የሆነውን ስትነቅል ሞተሩ ይብስበታል። የሞተውን ስትነቅል ግን ምንም አይለወጥም። "ስትነቅለው የማያለቅሰው እሱ ነው ሟቹ" ይሉ ነበር።

ከረዳትነት ወደ መካኒክነት ለማለፍ አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ጋሽ ወልዴ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቁልፎቹንም ደንበኞቹንም ለእኔ ትተው ቤታቸው ገቡ። ከጥቂት ጊዜ በፊት የካዛንቺሱ ግቢ ለልማት ሲነሳ ወደ ቂርቆስ መጣን። ዕቃው ሁሉ በጭነት መኪና ሲሄድ ያቺን ቆርቆሮ ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር የተጓዝኩት። አዲሱ በር ላይም በገዛ እጄ ሰቀልኳት፤ ኩራቴ ነበረች።

መኪኖቹ ግን ተለውጠዋል። ዲስትሪቢዩተር ቀርቷል። አሁን እያንዳንዱ ካንዴላ ከላዩ እሳት የሚፈጥርለት የራሱ ኮይል ተቀምጦለታል፤ ካንዴላውም በሞተሩ አናት፣ በቴስታታው ውስጥ፣ እንደ ጉድጓድ በጠለቀ ቀዳዳ ሥር ነው ያለው። ሽቦ መንቀል ቀርቶ ማሽን ይሰካል። ማሽኑን የሚይዘው ባልደረባዬ ሮቤል ነው፤ የኤሌክትሪክ ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ከግማሽ በላይ እንግሊዝኛ የሚያወራ። እኔ በጆሮዬ፣ እሱ በማሽኑ፤ ብዙ ጊዜ አንድ መልስ ላይ እንገናኛለን።

ዘይነባ የመጣችው ወደ ቂርቆስ ከተዛወርን በኋላ ነው። የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሾፌር ናት። በራሷ ሚኒባስ ከጎተራ ኮንዶሚኒየም አሥራ አንድ ልጆች ትጭንና በደምበል አድርጋ ካዛንቺስ ትምህርት ቤታቸው ታደርሳለች። ከአሥራ አንዱ አንዷ የራሷ ልጅ ናት። "ሥራዬም ልጄም አንድ መኪና ውስጥ ናቸው፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ጋሼ" ትለኛለች።

መጀመሪያ የመጣችው ዘይት ለማስቀየር ነበር። ኮፈኑን ስከፍት ሞተሩ ታጥቦ ያብረቀርቃል። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሰው ነግሯት ኖሮ ላቫጆ አሳጥባ ነው የመጣችው። ግቢው ውስጥ የነበሩትን ደንበኞች ሁሉ ጠራሁና "ኑ እዩ! የመኪና ባለቤት ማለት እንዲህ ነው!" አልኳቸው። አንድ ባለፒካፕ አፈረ። ዘይነባ በሻሿ ጫፍ ፈገግታዋን ሸፈነች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ልጆቹን አድርሳ ስትመለስ ወደ እኛ መጣች። ሚኒባሷ በሩ ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

"ዳገቱ ላይ እምቢ አለችኝ ጋሼ። ልጆቹ ደነገጡብኝ" አለች።

ሮቤል ማሽኑን ሰካ። "ሚስፋየር ነው በቃ። ሲሊንደር ስሪ" አለኝ፤ ሦስተኛው እሳት አጥቷል ማለቱ ነው።

የሦስተኛውን ኮይል አነሳሁ። ጉድጓዱ ውስጥ እርጥበት ነበረ። ታዲያ ሞተሩ ታጥቦ የመጣ ነው፤ የታጠበ ነገር ይረጥባል፤ ምን ይገርማል? በጨርቅ ጠረግሁት። ካንዴላዎቹም አርጅተው ስለነበር አራቱንም ለወጥኩ። ሞተሩ እንደ ሰዓት ሠራ። ዘይነባ መርቃኝ ሄደች፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

በቀጣዩ ሰኞ ሚኒባሷን ያው ሕመም ይዟት ተመለሰች። ያው ሦስተኛው ሲሊንደር። "ሰኞ ሥራ መግባት የምትጠላው የመንግሥት ሠራተኛ ሆና ነው" ብዬ ቀለድኩ፤ ዘይነባ ግን አልሳቀችም። አሁን ኮይሉን ተጠራጠርኩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሦስተኛውን ኮይል ሁለተኛው ላይ፣ የሁለተኛውን ሦስተኛው ላይ ማድረግ። ጥፋቱ የኮይሉ ከሆነ ሕመሙ አብሮት ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ጉድጓዱን ጠርጌ አቀያየርኳቸው። ሕመሙ ወደ ሁለተኛው አልሄደም፤ ሦስተኛው ላይም አልቀረም። ጭራሽ ጠፋ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን የኮይሉ መሰኪያ ላልቶ ነው ብዬ አጥብቄ ሸኘኋት።

ሦስተኛው ሰኞ ሲመጣ ግን ተናደድኩ። አንድ ሞተር ሦስት ጊዜ እጄ ላይ ሲመላለስ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነበር። ጉድጓዶቹን ጠርጌ ካንዴላዎቹን ፈታሁና ኮምፕሬሽን ለካሁ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ፒስተን አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ ማየት ነው። ሦስተኛው ከሌሎቹ ትንሽ ዝቅ አለ። ብዙ የሠራ ሞተር ሁሉ ላይ እንደዚያ ዓይነት ትንሽ ልዩነት አይጠፋም። እኔ ግን የምፈልገውን ጥፋተኛ አገኘሁ።

"ቫልቭ ነው። ቴስታታው ይከፈታል" አልኩ።

ሮቤል ጭንቅላቱን አከከ። "ጋሼ፣ ማለቴ... ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚታመም ቫልቭ አለ እንዴ?"

"አንተ ማሽንህን ያዝ" አልኩት። ይህን መልሴን አሁንም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ዘይነባ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። "ቴስታታው ሲከፈት ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ሁለት ሳምንት። ዕቃው ከዘገየ ከዚያም በላይ።"

"ሁለት ሳምንት ማን ይጠብቀኛል ጋሼ? ዛሬ ጠዋት ዳገቱ ላይ ስትንቀጠቀጥ አንዷ ልጅ አስመለሰች። ወላጆቹ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ አስተማማኝ መኪና ካልሆነ ሌላ ሰርቪስ እንይዛለን ብለው ደውለውልኛል። አንዴ ሌላ ከያዙ እኮ አይመለሱም።"

ቃሏ አንጀቴን በላው። ሆኖም የተናገርኩትን ማጠፍ አልፈለግሁም። ከማክሰኞ ጀምሮ ሁልጊዜም ደህና ስለምትሆን ሳምንቱን እንድትሠራና ዓርብ ከሰዓት መኪናዋን እንድታስረክበኝ ተስማማን። መኪናዋ እንደምትቆም ለወላጆቹ ዓርብ ማታ ልትነግራቸው ወሰነች። ስትወጣ በሩ ላይ ያለችውን ቆርቆሮ ቀና ብላ አየቻት።

ዓርብ ልጆቹን ቤታቸው መልሳ መጣች። ኮፈኑን ስከፍት ሞተሩ አቧራ ለብሷል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

"ምነው ዘይነባ! ቴስታታው የሚከፈት ሞተር እንዲህ ሆኖ ይመጣል? ጽሑፉን ረሳሽው?"

"ይቅርታ ጋሼ፣ ላቫጆው ዛሬ ውኃ ጠፍቶበት ነው። በእርስዎ ጽሑፍ እኔ እቀልዳለሁ? እሁድ እሁድ አመሻሽ ላይ ተሰልፌ የማሳጥበው እኮ ለዚሁ ነው።"

"እሁድ እሁድ?"

"አዎ! እርስዎ ያን ቀን ሰው ፊት ካመሰገኑኝ ጀምሮ አንድም እሁድ አላለፈኝም። ኮፈኑን አስከፍቼ፣ በኃይለኛ የፕሬዠር ውኃ ነው ሞተሩን ጥርግ አድርገው የሚያጥቡልኝ።"

ሮቤል እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ በአቧራው ውስጥ፣ አንዲት መንቀጥቀጥ ሳይኖረው።

ሞተሩን አጠፋሁና ከላይ የሚሸፍነውን የፕላስቲክ ክዳን አነሳሁ። ሦስት ሰኞ አንስቼ ወደ ጎን ሳስቀምጠው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ገልብጬ አላየሁትም። አሁን ወደ ፀሐይ አቀናሁት። ልክ በሦስተኛው ሲሊንደር አናት ላይ ስንጥቅ አለ፤ ብርሃን ያሳልፋል።

"ሮቤል፣ ውኃ አምጣ" አልኩት። ከሚጠጣው ላስቲክ ላይ ወስጄ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚሆን ውኃ ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረግሁና ኮይሉን መልሼ ሞተሩን አስነሳሁት። ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሮቤል ማሽኑን ሰክቶ "ሲሊንደር ስሪ" አለ፤ በዝግታ፣ ሰው ቤት ለቅሶ እንደገባ። አጥፍቼ ጉድጓዱን በኮምፕሬሰር አየር ነፋሁት፣ በጨርቅ አደረቅሁት፣ እንደገና አስነሳሁ። ቀጥ ብሎ ሠራ።

ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ያረጀው ክዳን ፕሬዠሩ ሲደጋገምበት ተሰንጥቋል፤ ከዚያ ወዲህ እሁድ አመሻሽ ላይ የተረጨው ውኃ ሌሊቱን በስንጥቁ ቀስ በቀስ ሰርጎ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰኞ ጠዋት እሳቱ ወደ ካንዴላው ጫፍ መሄዱን ትቶ በውኃው በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ይሸሻል። እኔ ዕቃ ስፈታ አብሬ ጉድጓዱን ስለምጠርግ ይድናል፤ እኔም ያዳነው ዕቃው መሰለኝ።

"ዘይነባ፣ ሞተርሽ ጤነኛ ነው። ያሳመመው የእኔ ጽሑፍ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት። በሥራ ዘመኔ ለደንበኛ እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር።

"ታዲያ ሰኞ እሠራለሁ?"

"ትሠሪያለሽ።"

አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ሰው ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ አላውቅበትም፤ እጄ ላይ የነበረውን ጨርቅ ሰጠኋት። ወደ ፊቷ አስጠግታ አሸተተችውና "ጋሼ፣ ይሄማ ናፍጣ ነው" ብላ መሳቅ ጀመረች። ሮቤልም ሳቀ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ቅዳሜ ከሮቤል ጋር ሌላ ክዳን ፈልገን ገጠምንላት። ከሰዓት ወደ ሰንጋ ተራ ሄድኩ። ጋሽ ወልዴ ከልጃቸው ጋር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው፤ ጽሑፉን ላወርደው እንደሆነም ጨመርኩ። ጽሑፉ የእሳቸው ነውና ፈቃዳቸውን ሳልጠይቅ መንካት አልሆነልኝም።

አንገታቸውን ደፍተው ከሰሙኝ በኋላ "የመጀመሪያ ቀን ምን አልኩህ?" አሉኝ።

"ረዳት የሚያጥብ፣ የሚያቀብል..."

"እሱን አይደለም። ፌስታሉን ስሰጥህ።"

"መጀመሪያ እሰር፣ ከዚያ እጠብ።"

"እኔ 'እጠብ' ብቻ ብዬ አውቃለሁ? ያን ጊዜ ግቢያችን ውስጥ የምናጥበው እኛው ስለነበርን መታሰሩን መጻፍ አላስፈለገኝም። አንተ ዲስትሪቢዩተሩ ሲቀር ፌስታሉንም አብረህ ጣልከው።" እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። "ቆርቆሮዋን አትጣላት። የጎደለውን ጨምርባት።"

ሰኞ በማለዳ ጎተራ ተገኘሁና ጋቢና ተቀመጥኩ። ዘይነባ እሁድ አመሻሽ ላይ ሞተሩን በፕሬዠር አሳጥባ ነበር፤ እኔ ነኝ እንድታሳጥብ ያዘዝኳት። አዲሱ ክዳን ካልተፈተነ ሥራው ተሠራ አይባልም። አንድ አባት የመሥሪያ ቤት ባጁን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ልጁን አስገባና በሩን ይዞ ቆመ። ሞተሩን ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ "ዛሬ ደህና ናት" ብሎ በሩን ዘጋ። እኔ ግን እስከ ዳገቱ ድረስ ልቤ እንደተንጠለጠለ ነበር።

ከደምበል አልፈን ወደ ካዛንቺስ ማውጣት ስንጀምር መኪናው ውስጥ ጸጥ አለ። ልጆቹም እየጠበቁ ነበር። ዘይነባ ማርሽ ቀነሰች። ሚኒባሷ አንዴም ሳትደናቀፍ ዳገቱን ወጣች።

"ዛሬ አትደንስም እንዴ?" አለ ከኋላ አንዱ።

"አድጋለች፤ ትታዋለች" አለችው ዘይነባ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ፣ ባለፈው ሰኞ ያስመለሳት ልጅ እናቷ ለክፉ ቀን ያስያዘቻትን ፌስታል አጣጥፋ በመስኮት አቀበለችኝ። "አልፈለግሁትም" አለችና ሮጣ ገባች። ፌስታሉን ኪሴ ከተትኩት።

በዚያው ቀን ቆርቆሮዋን አወረድኩ። ጋሽ ወልዴ የጻፉትን አልነካሁም። ከሥሩ በቀይ ቀለም "ከማሳጠብዎ በፊት ግን ይጠይቁን፤ አስረን እናጥባለን" ብዬ ጨመርኩ። ፌስታሉን ከጎኗ ሚስማር ላይ አንጠለጠልኩት፤ ደንበኛ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ እነግረዋለሁ። ዘይነባ አሁንም አሥራ አንዱን ልጆች ይዛ ትሠራለች፤ ሞተሯን የምናጥብላት እኛ ነን።

አንድ ሲሊንደር እሳት ሲያጣ ካንዴላ፣ ኮይል፣ ነዳጅ፣ ኮምፕሬሽን በተራ ይታያሉ። ይህ ትክክል ነው፤ አሁንም በዚሁ ነው የምንሠራው። ከሁሉም በፊት ግን ባለቤቱ ይጠየቃል፤ መኪናዋ ከመታመሟ በፊት ባለው ቀን ምን ተደረገላት ተብሎ። እኔ ይህንን ሳልጠይቅ ሦስት ሰኞ አሳለፍኩ።